ባትሪው “ተቃወመ” ይባላል?

ጥያቄ፦ ጎንደር አጠገብ አዘዞ ውስጥ የቴክኒክ አሠልጣኝ ነኝ። ባትሪና ዝገት ስለመለካት በአማርኛ ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ነው። ኢምፔዳንስን “ተቃውሞ” ብለው ያስኬዳል? ፖቴንሽዮስታቲክና ጋልቫኖስታቲክ የሚባሉትን ሁለት መንገዶችስ ምን ልበላቸው?

መልስ፦ አያስኬድም። “የባትሪው ተቃውሞ ጨመረ” ሲባል እኔ የሚታየኝ ባትሪው ሰልፍ ሲወጣ ነው። ቀልዱን እንተወውና፣ ተቃውሞ ቢበዛ ለሬዚስታንስ ይሆናል። ኢምፔዳንስ ግን ከፍ ዝቅ የሚለው የኤሌክትሪክ ጅረት ምን ያህል እንደተገታ ብቻ አይናገርም። ከቮልቴጁ ምን ያህል እንደዘገየ ወይም እንደቀደመም ይናገራል። ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም ጅረቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል፣ ሲለወጥ ኢምፔዳንሱም ይለወጣል። ሁለቱን በአንድ ቃል ከጠሩ ሠልጣኙ ልዩነቱን ከየት ያመጣዋል? ኢምፔዳንስ ብለው ይተዉት። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1886 ያወጣው እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ ነው። የላቲን ሥሩ እግርን ማሰር ማለት ነው። እኛም “እግር ብረት” አለን፤ ግን ፒያሳ ሄደው “የባትሪዬን እግር ብረት ለካልኝ” ቢሉ ባለሱቁ ግራ ነው የሚገባው።

ለሁለቱ መንገዶች ስም ከመፈለግ እንደ “ይዞ” ያለ ቦዝ አንቀጽ ይጠቀሙ። ፖቴንሽዮስታቲክ “ቮልቴጁን ይዞ ጅረቱን መለካት” ነው። ጋልቫኖስታቲክ “ጅረቱን ይዞ ቮልቴጁን መለካት” ነው። “ይዞ” እዚህ ላይ ልጓም እንደመያዝ ነው፤ ፈረሱ ይንቀሳቀሳል፣ ግን እርስዎ ባሉት ልክ።

ይህ አጠራር ምርጫውንም ያቀልልዎታል። ኢምፔዳንሱ 5 ሚሊኦም ብቻ በሆነ ባትሪ ላይ ቮልቴጁን ይዘው በ5 ሚሊቮልት ቢስቱ፣ 1 አምፔር ሳይጠሩት ከተፍ ይላል። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ባትሪ ጅረቱን መያዝ ይሻላል። የሚዝግ ብረት ሲለኩ ደግሞ ኢምፔዳንሱ አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ነው፣ ጅረቱም ትንሽ። እዚያ ብረቱ በራሱ ከተቀመጠበት ቮልቴጅ ዙሪያ 10 ሚሊቮልት ያህል ከፍ ዝቅ ማድረግ የተለመደ ነው። ከዚያ በላይ ከነቀነቁት ዝገቱን ራሱን ይረብሹታል።

“ዝገት” ያሉትንም ልብ ይበሉ። ዝገት የብረት ነው። የባትሪ ጫፍ ላይ ያለ የመዳብ ሽቦ አረንጓዴ ዱቄት ሲያወጣ ሠራተኛው “ተበላ” ነው የሚለው። እኔ ብሆን የማስታወሻውን ርዕስ “የብረታ ብረት መበላት” እለው ነበር፤ ዝገትን ለምስማሩና ለቆርቆሮው እተውለታለሁ።