ሽሮ መብሰሉ በምን ይታወቃል?

ሰሞኑን የጓደኛዬ ልጅ ደወለችልኝ። ሥራ ከያዘች ብዙ አልቆየችም፤ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ጨጓራዋን አሟት ሐኪሙ የውጭ ምግብ ቀንሺ ብሏታል። "ጋሼ፣ ሽሮ መብሰሉ በምን ይታወቃል?" አለችኝ። እናትሽን አትጠይቂም ወይ ብላት፣ "እማዬማ 'ሲበስል ያስታውቃል' ብቻ ነው የምትለኝ" አለች።

ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

በሙያዬ ቀያሽ ነበርኩ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ሌቭልና ቴዎዶላይት የሚባሉ የቅየሳ መሣሪያዎች አሸክሜ መንገድ ስለካ ነው። ጎሃ ጽዮን አፋፍ ላይ ካምፕ ያደረግን ጊዜ እናቴ ፍቼ ነበረች። ከአዲስ አበባ ስወጣ መንገዴ ላይ ናት። ባለፍኩ ቁጥር በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ሽሮ ሞልታ ትሰጠኛለች። ክዳኑን በላስቲክ ጠቅልላ፣ በገመድ ጠፍራ። ላንድሮቨሩ ውስጥ ሽታው ሰላሌን ሁሉ ይዞን ይወርዳል።

አንድ ጊዜ ፈቃድ ወጥቼ ምጥን በምታዘጋጅበት ቀን ደረስኩ። አተሩና ሽምብራው ተቆልቶ ተከክቷል። ባቄላም ነበረበት። ጓያ ግን በቤታችን አይታሰብም፤ ሲበዛና ሲዘወተር እግር እንደሚያሽመደምድ ታውቅ ነበር። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ተወቅጦ ሰፌድ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። በሶብላ፣ ጦስኝ፣ ኮረሪማ፣ ነጭ አዝሙድ በየዕቃው ተቀምጧል። ጎረቤቶቿ ከበዋታል። እኔ ደፉ ላይ ተቀመጥኩና የመስክ ደብተሬን አወጣሁ።

"እማዬ፣ ኮረሪማው ስንት ነው?"

"ልኩን ነዋ።"

"ልኩ ስንት ነው?"

መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ። "ይቺን ታህል። ሲበቃ ያስታውቃል።" ቀጥላም፣ "ደግሞ ለወንድ ልጅ ምን ያደርግልሃል? የምታገባት ታውቀዋለች" አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁና ደብተሬን ኪሴ ከተትኩት።

ያ ሳቅ ነው የሚቆጨኝ። የአንድ መንገድ ከፍታ በሴንቲሜትር ካልገጠመልኝ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው፣ ያቺን መዳፍ አልለካኋትም። እናቴ ካረፈች በኋላ እቤቴ የቀረው ግማሽ ቆርቆሮ ነበር። ቆጥበን በላነው፣ አለቀ። እህቶቼ ሁለት ናቸው። ሁለቱም "የእማዬን ነው የምሠራው" ይላሉ፣ የአንዷ ሽሮ ግን ከሌላዋ አይገናኝም። የባለቤቴም ሽሮ ጥሩ ነው፤ የእሷ እናት ሽሮ ነው።

ወጥ መሥራት ያስተማሩኝ የካምፑ ወጥ ቤት ናቸው። ጡረታ የወጡ ወታደር ስለነበሩ ባሻ እንላቸዋለን። ቁጡ ናቸው። ሽንኩርት ላይ ገና ሳይወይብ ዘይት ያፈሰሰ ሰው ካዩ ድስቱን ይነጥቁታል። ሽንኩርቱ መጀመሪያ ያለ ዘይት መቁላላት አለበት። ውሃውን ይተፋል፣ ይመጠጣል፣ ሊይዝ ሲል ውሃ ጠብ ይደረግለታል፣ እንደገና ይማሰላል። ዘይት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ መንገድ የሠራ ሰው ግማሽ ዘይት ይበቃዋል። ዛሬ ሐኪሞች ዘይት ቀንሱ ሲሉ የምሰማውን ባሻ የሚያደርጉት ለጤና ብለው ሳይሆን ዘይት ከአዲስ አበባ የሚመጣው በወር አንዴ ስለነበረ ነው።

ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። ካምፑ ከአፋፉ ወደ አባይ በረሃ ሲወርድ የባሻ ባቄላ ቶሎ ይበስል ጀመር። እሳቸው "የቆላ እንጨት ነው" አሉ። እንጨቱ አልነበረም። ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ግን ሙቀቱ አነስተኛ ነው። 2,400 ሜትር አካባቢ ባለችው አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በረሃው ግርጌ፣ ድልድዩ ጋ፣ ወደ 97 ይጠጋል። ይህን ባስረዳቸው "አንተ መንገድህን ለካ" አሉኝ። እናንተ ግን ኢንተርኔት ላይ ያያችሁትን የውጭ አገር የማብሰያ ሰዓት አዲስ አበባ ላይ አትመኑት። ባቄላና ሽምብራ ከማታው ይዘፍዘፍ።

ለልጅቷ የሰጠኋት መልስ ይኸው። ሽንኩርቱ ተቁላልቶ ዘይቱ ከገባ በኋላ ውሃ ጨምሪ። ውሃው በደንብ ሲፈላ ሽሮውን በአንድ እጅ በትኚ፣ በሌላው አማስዪ፤ እንዳይጓጉል። እሳቱን ቀንሺ። መጀመሪያ የዱቄት ሽታ አለው። ያ ሽታ ሲጠፋ፣ ቶክ ቶክ የሚለው ድምፅ ሲወፍር፣ ዘይቱ ላዩ ላይ ብቅ ሲል በስሏል። ግማሽ ሰዓት ቢቆይ አይጎዳውም። ጨው ከመጨመርሽ በፊት ቅመሺ፤ ብዙ ምጥን ሽሮ ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይበቃል ይላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፤ ያውም እንጀራው፣ ዳቦውና ወጡ ሁሉ ተደምሮ። ምግብ ቤት ውስጥ ይህን ማንም አይቆጥርልሽም።

አንድ ነገር ግን ሳልነግራት አላለፍኩም። ብዙ ጊዜ ጨጓራ የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። ተመርምሮ በመድኃኒት ይታከማል እንጂ ሽሮ አያድነውም። እቤት የበሰለ ሁሉ መድኃኒት ነው የሚሉትን አትስሟቸው። እቤት ሠርቶ ድስቱን በዘይት የሚያጥለቀልቅም ሞልቷል። በተለይ የሚረጋውን የፓልም ዘይት ተጠንቀቁ፤ ግማሽ ያህሉ ልብ የማይወደው ስብ ነው።

ስለ አበላላችሁ ደግሞ ልናገር፣ ተቆጡኝ። ስልክ ተደግፎ የሚበላ ትውልድ ነው ያለው። በግራ እጅ ቲክቶክ፣ በቀኝ እጅ ጉርሻ። እንጀራው ማለቁን የሚያውቁት ጣታቸው ትሪውን ሲነካ ነው። እኛ ካምፕ ውስጥ ስድስትና ሰባት ሆነን ከአንድ ትሪ ስንበላ፣ የቸኮለ ይታያል፣ ያልበላ ይጎረሳል፣ ወሬው ምግቡን ያዘገየዋል። የጠገበ ሰው መጥገቡ ይታወቀዋል። ብቻችሁን የምትኖሩ ከሆነ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ጎረቤት ጥሩ። ለሰው የሠሩት ወጥ ላይ ደግሞ ማንም አይቸኩልም።

በአንድ ነገር ግን ትበልጡናላችሁ። ወንዶቹ ማጀት ትገባላችሁ። የልጄ ጓደኞች ቁሌት ላይ ሲከራከሩ ሰምቼ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። በእኔ ጊዜ ማማሰያ የያዘ ወንድ ሴታ ሴት ተብሎ ስም ይወጣለት ነበር። ባሻን ያዳናቸው ወታደርነታቸው ነው።

እና እናቶቻችሁ፣ አክስቶቻችሁ በሕይወት ካሉ፣ ምጥን የሚዘጋጅበትን ቀን ጠይቁና ሂዱ። ከገበያ አንድ የወጥ ቤት ሚዛን ይዛችሁ። "ስንት ነው?" አትበሉ፤ መልሱን ነግሬያችኋለሁ። እፍኛቸውን ከመጨመራቸው በፊት ሚዛኑ ላይ እንዲያደርጉት ለምኗቸው። መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ቀጥሎ ይበሳጫሉ፣ ሦስተኛው እፍኝ ላይ ይለምዱታል። ግራሙን ጻፉ። ቪዲዮ ብቻ ቀርጻችሁ አትመለሱ፤ ቪዲዮው ኮረሪማውን አይመዝንም። ይህን በቀላሉ የምታደርጉት እናንተ ናችሁ፤ ሚዛኑም ስልኩም አላችሁ።

የውጭ ምግብ ጨርሶ ይቅር ማለቴ አይደለም። ሰው ደክሞት ሲገባ በሞተር ቢያስመጣ አልፈርድበትም። እኔ ራሴ እዚህ ድረስ ስመክር ቆይቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ክትፎ ቤት ነው የምገኘው። ክትፎ እቤት ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ቅቤው ወይ ይበዛል ወይ ያንሳል። እዚያ ካገኛችሁኝ ሰላም በሉኝ፣ ጨውና ዘይት ግን እንዳታነሱብኝ።