ፈርነሱ ያለበትን ክፍል ስቶር ለማድረግ ላሰብሽው እህቴ

እህቴ፣ ሚኒሶታ የገዛችሁት ታውንሃውስ ቤዝመንት ውስጥ ያለው የፈርነስ (ቤቱን የሚያሞቀው የጋዝ ማሽን) ክፍል ሰፋ ስላለ ዱቄቱን፣ የክረምት ልብሱንና የሳር ማጨጃውን እዚያ ልታስገቢ፣ ድምፁ እንዳይረብሽሽ ደግሞ የበሩን ፍርግርግ በካርቶን ልትደፍኚ አስበሽ «ችግር አለው ወይ?» ብለሻል። ዕቃ በልኩ ይገባል። ፍርግርጉን ግን እባክሽ እንዳትነኪው።

1. ከፈርነሱና ከዋተር ሂተሩ (የውሃ ማሞቂያው) ዙሪያ 3 ፊት፣ ማለትም አንድ ሜትር ገደማ፣ የሚቃጠል ነገር አይኑር። ካርቶን፣ ፌስታል፣ ፍራሽ፣ ልብስ ሁሉ ይራቅ። የፈርነሱ ክዳን በሚከፈትበት በኩል ቢያንስ 30 ኢንች ወለል ባዶ ይሁን። ቴክኒሻን መጥቶ ክዳኑ ጋ መድረስ ካልቻለ ዕቃሽን አያነሳልሽም፤ የመጣበትን አስከፍሎ ይመለሳል፣ በጥር ብርድ! ወለሉ ላይ በቴፕ መስመር አስምሪበት።

2. ቤንዚን፣ ቲነርና ቤንዚን ያለበት ማጨጃ እዚያ ክፍል ፈጽሞ አይግቡ። «ክዳኑ ጥብቅ ነው» አይበቃም። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ተስቦ የዋተር ሂተሩ እሳት ጋ ይደርሳል። በረኪናም ይውጣ። ትነቱ ከአየሩ ጋር እሳቱ ውስጥ ሲገባ አሲድ ይፈጥርና ሂት ኤክስቼንጀሩን ይበላዋል፤ ጭሱን ከምትተነፍሱት አየር የሚለየው እሱ ነው። እሱ ከተሰነጠቀ ብዙ ጊዜ መፍትሔው ፈርነሱን መቀየር ነው።

3. አሁን ወደ በሩ። ከፈርነሱ ሁለት የፒቪሲ ቧንቧ ወጥቶ ሁለቱም ደጅ ከደረሱ፣ አየሩን የሚስበው ከውጭ ነው። ከዚያ ግን ዋተር ሂተሩን ቀና ብለሽ እዪ። አናቱ ላይ ከሥሩ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ኮፍያና የብረት ጭስ ማውጫ ካለው፣ እሱ የሚተነፍሰው ከክፍሉ ነው።

ስሌቱ ይኸው፦ ለየ1,000 ቢቲዩ (ማሽኑ በሰዓት የሚያቃጥለው ጋዝ የሙቀት መለኪያ) 50 ኪዩቢክ ፊት የክፍል አየር ያስፈልጋል። ሁለቱም ከክፍሉ የሚስቡ ሆነው ፈርነሱ 80,000፣ ዋተር ሂተሩ 40,000 ቢሆን፣ ድምሩ 120,000 ስለሆነ 6,000 ኪዩቢክ ፊት ይፈልጋሉ። ጣሪያው 8 ፊት ቢሆን 750 ስኩዌር ፊት ወለል ማለት ነው። ይህን የሚያክል የፈርነስ ክፍል የት አለ? ፍርግርጉ የተሠራው የጎደለውን አየር ከቤዝመንቱ እንዲያመጣ ነው። ሲደፈን ሰማያዊው ነበልባል ቢጫ ይሆናል፣ ጥቀርሻ ይይዛል፣ ጭሱም ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ አይሸትም። ራስ ምታቱና ማቅለሽለሹ ጉንፋን ይመስላል፤ ከቤት ስትወጡ የሚለቃችሁ ከሆነ ግን ጉንፋን አይደለም።

በጣም የሚያናድደው ቤት አድሰው የሚሸጡ ሰዎች ፍርግርግ ያለውን በር ነቅለው ለውበት ሲሉ ድፍን በር መግጠማቸው ነው። እንዲህ ከሆነ ሁለት ቀዳዳ ይከፈት፤ አንዱ ከጣሪያው በ12 ኢንች ውስጥ፣ ሌላው ከወለሉ በ12 ኢንች ውስጥ። እያንዳንዱ ለየ1,000 ቢቲዩ 1 ስኩዌር ኢንች ይሁን፣ ከ100 ግን አይነስ። በእኛ ስሌት 120 ነው። የብረት ፍርግርግ አየር የሚያሳልፈው 75 በመቶው ብቻ ስለሆነ 10 በ16 ኢንች ግዢ። የእንጨት ከሆነ 25 በመቶ ብቻ ነው የሚቆጠረው።

መፈተኛው ቀላል ነው። የቤቱን መስኮትና በር ዝጊ፣ የመታጠቢያ ቤቱን ፋንና የልብስ ማድረቂያውን አስነሺ፣ ሙቅ ውሃ ክፈቺ። ዋተር ሂተሩ ነዶ 5 ደቂቃ ሲሞላው የሚጨስ ሰንደል ወደ ኮፍያው ጠርዝ አስጠጊ። ጭሱ ወደ ውስጥ ከተሳበ ደህና ነው። ወደ አንቺ ከተገፋ አጥፊው፣ ሰው ጥሪ።

ድምፁን በተመለከተ የፈርነሱን የአየር ማጣሪያ (ፊልተር) እዪ፤ በአቧራ ሲዘጋ ያፏጫል። ባለ 1 ኢንቹ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ይቀየራል፣ ቀስቱ ወደ ፈርነሱ ይዙር። በረዶ በጣለ ቁጥር የፒቪሲዎቹን አፍ ደጅ ወጥተሽ ጥረጊ። የቡና ከሰል ቤዝመንት ውስጥ አይነድ፣ ፋን ቢኖርም። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም በየፎቁና ከመኝታ ክፍሎቹ ውጭ ስቀሉ፣ ከፈርነሱ 15 ፊት ያህል አርቃችሁ። ከጮኸ ሁላችሁም ውጡና ከደጅ ሆናችሁ 911 ደውሉ።

የዋተር ሂተሩን አናትና ቢቲዩ የተጻፈበትን ሰሌዳ ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊው፣ ስሌቱን አብረን እንሠራዋለን።