መልስ፦ በወርድ «ትራክ ቼንጅስ» አንዳንዱ እርማት ለምን አይታይም?

እህቴ፣ የጠየቅሽው ሁለት ነገር ነው፦ ማራኪ አካባቢ ካለ ጽሕፈት ቤት በፍላሽ በመጣው የመመረቂያ ጽሑፍሽ ላይ የሠንጠረዡ ለውጥ ምልክት አላሳየም፤ የአማካሪሽ እርማትም «ዩዘር» በሚል ስም ወጥቷል።

ትራክ ቼንጅስ፣ ማለትም በወርድ ሰነድ ላይ የተደረገን ለውጥ በምልክት የሚያሳየው መሣሪያ፣ ሁሉን አይመዘግብም። የሠንጠረዥ ሳጥኖች ሲዋሃዱ ወይም የፎቶ መጠን ሲቀየር ምልክት አይተውም። ከሁሉ የሚጎዳው ግን ጠፍቶ ሳለ የተሠራው ነው፤ በኋላ ቢበራም ያለፈውን አያመጣም።

የአራሚውን ስም የሚወስደው በኮምፒውተሩ ላይ ወርድ ውስጥ ከተመዘገበው ስም ነው። አማካሪሽም ጸሐፊዋም በአንድ ማሽን ካረሙ በአንድ ስም ይወጣሉ። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ጄኔራል ገብቶ «ዩዘር ኔም»ን መቀየር የሚጠቅመው ለወደፊቱ እርማት ብቻ ነው።

አሁን የምታደርጊው፦ መጀመሪያ የላክሽው ፋይል በእጅሽ ካለ ሪቪው፣ ኮምፔር፣ ከዚያ እንደገና ኮምፔር በዪ። «ኦሪጅናል» ላይ የላክሽውን፣ «ሪቫይዝድ» ላይ የመጣልሽን አስገቢ። ከሥሩ ያለው ስም መጻፊያ ላይ የአማካሪሽን ስም ጻፊ፤ «ሞር»ን ከፍተሽ «ቴብልስ» መመረጡን አረጋግጪ። ልዩነቱ በሦስተኛ ፋይል ይወጣል፣ ሁለቱ አይነኩም። ቦታውን ቀያይረሽ ካስገባሽ የተጨመረው እንደተሰረዘ ሆኖ ይታያል፣ ተጠንቀቂ። የተዋሃዱ ሳጥኖች በዚህም በግልጽ ላይታዩ ስለሚችሉ ቁጥሮቹን በዓይንሽ አመሳክሪ፤ የጥናትሽ ውጤት ያለው እዚያ ነውና እባክሽ አትዝለይው።

ሪቪው ውስጥ ያለው «ኖ ማርክአፕ» የሚለው ምርጫ የእርማቱን ምልክት ይደብቃል እንጂ አያጠፋም። ከማስረከብሽ በፊት ሁሉንም እርማት አክሴፕት (ተቀበል) በዪ።

በሚቀጥለው ጊዜ ፍላሹን ከመስጠትሽ በፊት ትራክ ቼንጅስ ሥር ባለው «ሎክ ትራኪንግ» ማንም እንዳያጠፋው በይለፍ ቃል ዝጊው።