የጉዞ ጥያቄና መልስ፦ ከጎጃም ስለ ርቀትና ስለ በረራ ሰዓት የተላኩ ጥያቄዎች

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በመኪና 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው ሲባል እሰማለሁ፤ የአየሩ ርቀት ግን 330 ገደማ እንደሆነ አነበብሁ። የትኛውን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው። አነስተኛው ቁጥር በቀጥታ መስመር ሲለካ የሚገኘው ነው። መኪናው ግን ከጎሐ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ በጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ እንደገና ወደ ደጀን መውጣት ይኖርበታል። ጎጃም ከገባ በኋላም ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ ፊት ለፊት ስለሚጋረጥ፣ ዋናው መንገድ በምዕራብ በኩል በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በእንጅባራና በዳንግላ ዞሮ ይሄዳል። በምሥራቅ በኩል በሞጣ የሚያልፈው መንገድ ያጥራል። አውሮፕላኑ በአየር ላይ የሚቆየው ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ትኬቱ አንድ ሰዓት ያህል የሚለው በመሬት ላይ የሚንቀሳቀስበትም ስለሚታሰብ ነው።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ ልጄ ወደ ዱባይ ልትሄድ ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 00:40» ይላል። ማክሰኞ ማታ ቦሌ ብትደርስ ይበቃታል?

መልስ፦ አይበቃትም፤ አውሮፕላኑ ያመልጣታል። በትኬት ላይ ቀኑ የሚለወጠው እኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በምንለው ጊዜ ነው። ስለዚህ የልጅዎ በረራ ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:40 ነው። ለውጭ በረራ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘት ስለሚገባ፣ ሰኞ ከምሽቱ 3:40 ሳያልፍ ቦሌ መድረስ አለባት፤ ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ረጅም በመሆኑም እሑድ ብትነሣ ይሻላል። በዚህ ምክንያት የሚቀር መንገደኛ ያሳዝነኛል፤ ተበድሮ የተገዛ ትኬት ሊሆን ይችላልና። ለሌሎችም አንባቢዎች ስሌቱ ይህ ነው፦ ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት ከ7 እስከ 18 ከሆነ 6 ይቀንሱ፤ 13:10 ከቀኑ 7:10 ይሆናል። ከ19 ጀምሮ ከሆነ 18 ይቀንሱ፤ 20:00 ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ትኬቱን ከሸጠልዎት ሰው ፊት ሳይነሡ፣ ቀኑንና ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር በወረቀቱ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉ።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ የዱባይ በረራ ሲሄዱ 5፣ ሲመለሱ 3 ሰዓት የሚመስለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ዱባይ በአንድ ሰዓት ስለምትቀድመን ነው። ትኬቱ መነሻውንም መድረሻውንም በየአገሩ ሰዓት ይጽፋል። በረራው ራሱ በሁለቱም አቅጣጫ 4 ሰዓት ገደማ ነው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ከዋሽንግተን በቀጥታ የሚመጣው አውሮፕላን ወደዚያ ሲሄድ መንገድ ላይ የሚያርፈው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ በስስ አየር የሞተሩ ጉልበትም የክንፉ የማንሣት ኃይልም ይቀንሳል። ስለዚህ መንገደኛና ጭነት የሞላው አውሮፕላን እስከ ዋሽንግተን የሚያደርሰውን ነዳጅ ሁሉ ይዞ መነሣት ይቸግረዋልና መንገድ ላይ ይቀዳል። በዚያ ላይ በከፍታ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የሚመጣውን ይገፋል፣ የሚሄደውን ይቋቋማል። መምጫው 13 ሰዓት ያህል ሲሆን መሄጃው ከነማረፊያው ከ16 ሰዓት ሊያልፍ ይችላል፤ አረጋውያን ወላጆችን የምትልኩ ሁሉ በእጅ በሚያዝ ሻንጣቸው የሚበቃ መድኃኒት ያዙላቸው።