ትኩሳትና የዳይክሎፌናክ መርፌ

ጥያቄ፦ ወንድሜ መተማ የቀን ሥራ ሠርቶ ሲመለስ ትኩሳትና የወገብ ሕመም ጀመረው። ጨጓራም አለበት። አንድ የሰፈር ሰው «ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ መርፌ ልውጋውና ይለቀዋል» ይላል። ይወጋ? (ከአዘዞ፣ ጎንደር)

መልስ፦ እባክዎ አያስወጉት። ወባ ከሚበዛበት ከመተማ ቆላ የመጣ ሰው ካተኮሰው በመጀመሪያ ዛሬውኑ የወባ ደም ምርመራ ያድርግ። መርፌው ትኩሳቱን ያበርደዋል እንጂ ወባውን አይነካም፤ ሕመምተኛው የተሻለው እየመሰለው ሕክምናው ይዘገያል። ሕመሙ ዴንጊ (በትንኝ የሚተላለፍ ሌላ የትኩሳት በሽታ) ከሆነ ደግሞ መርፌው የመድማት አደጋውን ይጨምራል። እስኪመረመር ጉበቱ ጤነኛ ከሆነ ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም ሁለት ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ይበቃዋል፤ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይለፍ።

«በመርፌ ከሆነ ጨጓራ አይነካም» የሚባለው ስህተት ነው። መድኃኒቱ በደም ዞሮ የጨጓራን መከላከያ ያሳሳል፣ ቁስሉም ሊደማ ይችላል። የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ላለበት፣ አስፕሪን አስሙን ለሚቀሰቅስበት፣ ለነፍሰ ጡርም በመጨረሻዎቹ 3 ወራት አይሰጥም።

ሐኪም ካዘዘው የተለመደው መጠን 75 ሚሊ ግራም፣ ማለትም አንድ ባለ 3 ሚሊ ሊትር አምፑል ነው። ከመቀመጫ የላይኛው ውጫዊ ሩብ ላይ ጡንቻ ውስጥ ጠልቆ፣ በዝግታ ይሰጣል። ወደ መሃል ወይም ወደ ታች ከወረደ ዋናውን የእግር ነርቭ ያገኘዋል፤ እግር የሚሽመደመደው እንዲህ ነው። ከ2 ቀን በላይ አይቀጥልም፣ ተመሳሳይ ማስታገሻ የሆነው አይቡፕሮፌንም አይደረብበትም። የተወጋው ቦታ ጠቁሮ ክፉኛ ካመመ፣ ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይድረስ።