ጋራዡ የቮልሴን ሞተር ሳይነግረኝ ቀይሮታል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አዳማ ነው። አባቴ ትቶልን ያለፈው፣ በፈረንጅ 1969 የተሠራ ቮልስ 1300 ግቢያችን ውስጥ 11 ዓመት ቆሞ ነበር። ከስምንት ወር በፊት አንድ ጋራዥ ሞተሩን አስነስቶ፣ ፍሬኑን ሠርቶ በ45 ቀን እንዲያስረክበኝ በ65,000 ብር ተስማማን። 30,000 ብር ከፍዬ «ለቮልስ ሞተር ማስነሳትና ፍሬን ከ65,000 ላይ ቀብድ 30,000» የሚል ደረሰኝ ተቀበልኩ። አሁን «ሞተሩ ሲከፈት ተበላሽቶ ስለተገኘ ብሎኩን (የሞተሩን ዋና አካል) በሌላ ቀይረነዋል» ብሎ 140,000 ብር ጨምር ይለኛል። እስክከፍል ድረስ በየቀኑ 200 ብር የማቆሚያ እንደሚያስብብኝ በቴሌግራም ጽፎልኛል፤ እኔም ዝም አልኩ። አሮጌውን ብሎክ ስጠይቀው «ተጥሏል» አለኝ። ሊብሬው እስካሁን በአባቴ ስም ነው፤ አንድ ወንድምና አንዲት እህት አሉኝ። መብቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ የ140,000 ብሩን ክርክር ለጊዜው ይተዉትና መጀመሪያ ጋራዡ ሄደው የሞተሩን ቁጥር ያንብቡ። ብር ዘግይቶም ይከራከሩበታል፤ ሞተር ግን በአንድ ሌሊት ተፈቶ ሊወጣ ይችላል።

የቮልስ ሞተር ቁጥር ያለው ከኋላ ነው። የሞተሩን ክዳን ሲከፍቱ ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር፣ ብሎኩ ራሱ ላይ ተመትቶ ያገኙታል። ዘይትና አቧራ ስለሚሸፍነው ቤንዚን በነካ ጨርቅ ጠርገው፣ ቁጥሩም ዲናሞውም በአንድ ላይ እንዲታዩ አድርገው ፎቶ ያንሱ። የሻንሲ ቁጥሩ ደግሞ የኋላ መቀመጫው ሲነሳ ወለሉ መካከል ባለው ጉብታ ላይ ነው። ሁለቱንም ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ። የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ ከሆነ ብሎኩ አልተቀየረም ማለት ነው፤ የጋራዡም ጥያቄ መሠረት ያጣል። የተለየ ከሆነ ሞተሩ የሌላ መኪና ነበርና ከማን፣ በምን ሰነድ እንደተገዛ ጋራዡ ማሳየት አለበት። ምንም ቁጥር ከሌለውም የግዢው ሰነድ ያስፈልግዎታል። «ችግር የለም፣ የድሮውን ቁጥር እንመታበታለን» ቢልዎት እሺ እንዳይሉ፤ ያ ወንጀል ነው፣ መዘዙም መኪናውን ይዞ ወደሚገኘው ሰው ይመጣል።

ይህን የማስቀድመው ያለ ምክንያት አይደለም። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ሥርዓት መኪናው የሚታወቀው በሻንሲና በሞተር ቁጥሩ ነው። ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ካልገጠመ ቦሎ አያገኝም፤ የስም ዝውውሩም እዚያው ይቆማል። በሕጋዊ ሰነድ የተገዛ ሞተር ከሆነ በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አስመዝግቦ ሊብሬው ላይ ማስለወጥ ይቻላል። ሰነድ ከሌለው ግን በ205,000 ብር የገዙት የግቢ ጌጥ ነው።

«ተጥሏል» የተባለው ብሎክ የእናንተ የወራሾቹ ንብረት ነው። ቢሰነጠቅም፣ ቢበሳም የእናንተ ነው። ደግሞ ዋናው ማስረጃችሁ እሱ ነው፤ ምክንያቱም ሞተሩ በእርጅና ተበላሸ ወይስ በጋራዡ እጅ የሚለውን የሚነግረን የተሰበረው ብረት ነው። ለዓመታት የቆመ ሞተር ውስጥ የፒስተን ቀለበቶች ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር በዝገት ይጣበቃሉ። አዋቂ መካኒክ አራቱንም ካንዴላ ፈትቶ በየቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጠብ ያደርጋል፤ አንድ ሁለት ቀን ያሳድረዋል፤ ከዚያ የዲናሞውን ፑሌ (ቺንጋ የሚዞርበትን ጎማ መሰል ብረት) በያዘው ዳዶ ላይ 21 ቁልፍ አስገብቶ በእጁ ቀስ እያለ ያዞረዋል። እምቢ ካለ ያቆማል፣ ሞተሩንም ያወርዳል። ቸኳይ ግን አዲስ ባትሪ ያስርና በሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) በግድ ለማስነሳት ይሞክራል፤ ወይም መኪናውን በሌላ መኪና ያስጎትታል። ያኔ ቀለበት ይሰበራል፣ ሲብስም ቢዬላ (ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ) ተሰብሮ ብሎኩን በስቶ ይወጣል። ትኩስ ስብራት ፊቱ ነጣ ያለ፣ እንደ ስኳር ፍሬ የሚያብለጨልጭ ነው። የቆየ ስንጥቅ የጠቆረ፣ ዘይት የጠጣ ነው። ልምድ ያለው መካኒክ በደቂቃ ይለየዋል፤ ፍርድ ቤት የሚመድበው ባለሙያም የሚያየው ይህንኑ ነው። ብሎኩ በእርግጥ ከሌለ፣ ማስረጃውን ያጠፋው ጋራዡ ራሱ መሆኑ በክርክሩ ላይ ይጎዳዋል። ተሽጦ ከተገኘ ደግሞ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 675 እምነት ማጉደል ሊሆን ይችላል። እንደዚያም ሆኖ ዛሬውኑ ፖሊስ ጣቢያ እንዲሄዱ አልመክርም፤ በእጅዎ ምንም ሳይኖር ቢሄዱ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ተብለው ይመለሳሉ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድን ሥራ በዋጋ ሠርቶ ለማስረከብ የሚደረገው ውል ከቁጥር 2610 ጀምሮ ተደንግጓል። ውሉ በጽሑፍ ባይሆንም ይጸናል፤ የእርስዎ ደረሰኝ ደግሞ ሥራውንም ዋጋውንም ጽፎታል። በቁጥር 1731 ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው። ሥራው ከታሰበው በላይ ከባድ ሆኖ መገኘቱ ብቻውን ዋጋውን አይለውጠውም፤ ቁጥር 1763 እና 1764 የሚሉት ይህንን ነው። ጋራዡ ሞተሩን ከፍቶ ብልሽቱን ባየ ጊዜ እርስዎን ጠርቶ ማሳየትና ፈቃድዎን መጠየቅ ነበረበት።

ጋራዡ የሚንጠለጠልባት አንዲት ቃል አለች፤ «ማስነሳት»። «ተነስቶልሃል፣ ለማስነሳት ያስፈለገውን ሁሉ አደረግን» ይላል። በሙያው ልማድ ግን የቆመ ቮልስ ማስነሳት ሲባል የታወቀ ሥራ ነው፦ አሮጌው ቤንዚን ይደፋል፣ ታንኩ ይታጠባል፣ ካርቡራተሩ ተፈትቶ ይጸዳል፣ ካንዴላና የቤንዚን ጎማ ቱቦ ይለወጣል፣ 2 ሊትር ተኩል አዲስ ዘይት ይሞላል፣ ወንፊቱ ይታጠባል። ብሎክ መቀየር ሞተር መሥራት እንጂ ማስነሳት አይደለም። ሁለት ነባር መካኒኮች ይህን ቢመሰክሩልዎት በቂ ይመስለኛል።

ስለ ጋራዡም ፍትሐዊ እንሁን። የተገጠመው ብሎክ ሕጋዊና ደህና ሆኖ ከተገኘ፣ እርስዎም ካስቀሩት፣ በቁጥር 2162 «ያለ አግባብ በልጽጓል» ብሎ የዕቃውን ዋጋ ሊጠይቅዎት ይችላል። ስለዚህ በሽምግልና ቢጨርሱት የሚያዋጣ ነው፦ ለብሎኩ በደረሰኝ የተረጋገጠውን ዋጋ እከፍላለሁ፣ ሳልፈቅድ ለተሠራው የእጅ ዋጋ አልከፍልም። ካላስቀሩት ደግሞ ነገሩ ወደ ነበረበት እንዲመለስ መጠየቅ ይችላሉ፤ ቁጥር 1815።

የ200 ብሩ ማቆሚያ ብዙ አያሳስብዎት። በቁጥር 1682 ዝምታ እሺታ አይደለም። ቢሆንም ዛሬ በዚያው ቴሌግራም «የማቆሚያ ክፍያ አልተስማማሁም፤ መኪናውን ያልተረከብኩት ሥራው በ45 ቀን ስላላለቀ ነው» ብለው ይጻፉ። መልእክቶቹን ፎቶ አንስተው ማስቀመጥ ብቻ አይበቃም፤ ስልኩንም አይቀይሩት፣ ንግግሩንም አያጥፉት። ጋራዡ «ቀሪውን ሳትከፍል መኪናውን አልሰጥም» ሊል የሚችለው እሱ የራሱን ግዴታ ከፈጸመ ወይም ለመፈጸም ዝግጁ ከሆነ ነው፤ ቁጥር 1757።

ደረሰኙ ላይ ያለችው «ቀብድ» የምትል ቃል ግን ሁለት ስለት አላት። በቁጥር 1885 ቀብድ የሰጠ ሰው በገዛ ፈቃዱ ውሉን ቢተው ቀብዱ ይበላበታል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ተናደው «በቃ፣ ሥራውን አቁሙ፣ መኪናዬን እወስዳለሁ» ብለው እንዳይጽፉ። 30,000 ብሩን በገዛ እጅዎ ሰጡ ማለት ነው። በተቃራኒው ጋራዡ «140,000 ካልከፈልክ አንሠራም» ብሎ በጽሑፍ ካስቀመጠ 60,000 ብር የመጠየቅ በር ይከፈትልዎታል። ጠበቃ ካልያዙ ቢያንስ በዚህ ነጥብ ላይ ምላስዎን ይቆጥቡ።

ቀጣዩ እርምጃ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ያለ እሱ ውሉ አልተፈጸመም ብሎ መክሰስ በመርህ ደረጃ አይቻልም፤ ቁጥር 1772። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦ «በ65,000 ብር የተዋዋልነውን ሥራ በ45 ቀን አላስረከባችሁም። ይህ ማስጠንቀቂያ በደረሳችሁ በ15 ቀን ውስጥ ሥራውን አጠናቅቃችሁ እንድታስረክቡ፣ ከመኪናው የወጣውን ብሎክና ዕቃ ሁሉ እንድትመልሱ፣ የተገጠመውን ሞተር የግዢ ሰነድ ቅጂ እንድትሰጡኝ እጠይቃለሁ።» ሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ አንዱ ላይ ያስፈርሙ። አልፈርም ካለ በሁለት ምስክር ፊት ይስጡት ወይም በፖስታ ቤት በአደራ ይላኩ፤ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ከቀብዱ ደረሰኝ ጋር ያኑሩ።

15 ቀኑ ካለፈ ሁለት መንገድ አለ። ውሉ በጋራዡ ጥፋት ይፍረስልኝ ብሎ ገንዘቡንና ኪሣራውን መጠየቅ፤ ወይም በቁጥር 1777 ሌላ ጋራዥ በዚህኛው ወጪ ሥራውን እንዲጨርስ ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም መኪናው ለእናንተ የአባት ማስታወሻ ነው፣ ብር ብቻ አይተካውም። የሚመለስ ገንዘብ ላይ የሚታሰበው ሕጋዊ ወለድ በዓመት 9 ከመቶ ነው፤ ለ30,000 ብር 2,700 መሆኑ ነውና ብዙ አይጠብቁበት። ብሎኩ ወይም መኪናው ሊሸጥ ይችላል የሚል ስጋት ካለ ክሱ ሲቀርብ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 እግድ ይጠየቃል። የፎቶዎቹ ጥቅም ያኔ ይታያል። አዳማ ያሉት የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ የክስ ማመልከቻው በዚያ ቋንቋ ይዘጋጅ፤ እርስዎ ካልቻሉ በችሎት አስተርጓሚ ይጠይቁ።

ክሱን በራስዎ ስም ማቅረብ ይችላሉ፤ ውሉን የተዋዋሉት እርስዎ ነዎት። ስለ ብሎኩ ባለቤትነት ግን «አንተ ማነህ?» መባልዎ አይቀርም። ከወንድምና እህትዎ ጋር ሆናችሁ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 996 የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጡ፤ እነሱም በውልና ማስረጃ ውክልና ይስጡዎት። ለስም ዝውውሩም ያለ እሱ አይሆንም።

ሌላ ጋራዥ ሲይዙ ውሉን በሁለት ይክፈሉት። ለዓመታት የቆመ መኪና ሳይከፈት ዋጋ ሊነገረው አይችልም፤ ይህኛውም ጠብ የመጣው ከዚያ ነው። መጀመሪያ በትንሽ ቁርጥ ዋጋ ምርመራ ብቻ፦ የአራቱ ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን በቁጥር ይጻፍ፣ አራቱም የፍሬን ታምቡሮች ይከፈቱ፣ የፍሬን ዘይቱ ሁኔታ ይታይ፤ ውሃ ስለሚስብ የፍሬን ሲሊንደሮቹን ከውስጥ አዝጎ ያጣብቃቸዋል። ፍሪሲዮኑም ይፈተሽ፤ በመቆም ብዛት ከፍላይዊሉ (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ጋር ይጣበቃል። ከዚያ በዝርዝር የጥገና ውል፤ ክፍያው «ቀብድ» ሳይሆን «ቅድሚያ ክፍያ» ተብሎ ይጻፍ፤ ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ሥራ በጽሑፍ ካልተፈቀደ አይከፈልም፤ የወጣ ዕቃ ሁሉ ይመለሳል። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሮቹም ውሉ ላይ ይስፈሩ።

ሲረከቡ የጎማ ቱቦዎቹን በእጅዎ ይዳስሱ። የአዳማ ሙቀት ጎማን ያደርቃል፤ በቮልስ ላይ የቤንዚን ቱቦው የሚያልፈው ከሞተሩ አጠገብ ስለሆነ ከተሰነጠቀ መኪናው ይቃጠላል። ለሙከራ ወንጂ ደርሶ መመለስ ጥሩ ነው፤ ግን ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ሳይኖር ከግቢ አይውጡ፤ ያለ መድን መንዳትን አዋጅ ቁጥር 799/2005 አይፈቅድም። የመጀመሪያው ጋራዥ መኪናውን ሲያስረክብ «ያለ ምንም ቅሬታ ተረክቤያለሁ» የሚል ወረቀት ቢያቀርብልዎት ሰርዘው «ስለ ሞተሩና ስለ ተወሰደው ብሎክ ያለኝ መብት እንደተጠበቀ ሆኖ» ብለው በእጅዎ ይጻፉና ከሥሩ ይፈርሙ።