መጀመሪያ ለቃሚዎቻችሁን ያዙ

ልጆቼ፣

ድሬዳዋ ላይ ለውዝና ቅመም አዘጋጅታችሁ ወደ ውጭ ለመላክ የምታስቡ ወጣቶች ስትመጡ፣ አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ ማሽንና ስለ ገዥ ነው። ጅቡቲ ቅርባችን ናት፣ ባቡሩ አለ፣ ነፃ የንግድ ቀጠናውም በ2014 ዓ.ም. ተመርቋል። ጭነት የሚያስመልሰው ግን ሌላ ነው።

የባቢሌን ለውዝ ውሰዱ። የአውሮፓ ኅብረት በቀጥታ ለሚበላ ለውዝ የሚፈቅደው አፍላቶክሲን በኪሎ ከ4 ማይክሮግራም አይበልጥም። ይህ ከሻጋታ የሚመጣ መርዝ ነው፤ መቁላት ይቀንሰው ይሆናል እንጂ አያጠፋውም። በሁሉም ፍሬ ላይ እኩል አይገኝም፤ ጥቂት የተበላሹ ፍሬዎች ሙሉውን ጭነት ሊያስጥሉ ይችላሉ። እነሱን ነቅሳ የምታወጣው ሰፌድ ይዛ የተቀመጠችው ለቃሚ ናት።

ጎበዝ ለቃሚ ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ ብላችሁ እዩ። የተጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ የተሰነጠቀውን ጣቷ ቀድሞ ያገኘዋል። ቅርፊቱ ቶሎ እንዲላቀቅ ውሃ የተረጨበትን ለውዝ እፍኝ አንስታ፣ አሸት አድርጋ ትለየዋለች። እንዲህ ያለ እጅ በሳምንት ሥልጠና አይገኝም።

እናንተ ግን በኪሎ ትከፍሏታላችሁ። በኪሎ የሚከፈላት ሴት ትቸኩላለች፤ ልጅ ታሳድጋለች፣ አልፈርድባትም። ሥራ ሲቀዘቅዝ ታሰናብቷታላችሁ፣ ትዕዛዝ ሲመጣ ከቀፊራ ገበያ አዲስ ሰው ትሰበስባላችሁ። ናሙናው ላቦራቶሪ ላይ ሲወድቅ ደግሞ ገበሬውን ትወቅሳላችሁ። ይህን ሳይ በጣም አዝናለሁ።

ወርኃዊ ደመወዝ ቁረጡላት፣ ጥራት ስታመጣም ጨምሩላት። የላቦራቶሪው ውጤት መሳቢያ ውስጥ አይቀር፤ በኦሮምኛ ይሁን በሶማሊኛ ወይም በአማርኛ፣ በሚገባት ቋንቋ አስረዷት። የትኛው ጆንያ ከማን እንደተገዛ ትወቅ። ከሁሉም በላይ፣ እርጥብ ጆንያ የመመለስ ሥልጣን ይኑራት፤ አቅራቢው የአጎታችሁ ልጅ ቢሆንም። ይሉኝታው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። እዚህ ላይ ካላመናችኋት ግን ደመወዙም ሥልጠናውም ከንቱ ነው።

ማሽኑ ይደርሳል። ቀለም የሚለየውን ስትገዙም የትኛው ፍሬ ይውደቅ፣ የትኛው ይለፍ ብላችሁ የምትጠይቁት እሷኑ ነው። አዲሱ ምርት እስኪገባ ሥራ በሚቀዘቅዝባቸው ወራት በርበሬ ትልቀም፣ አዲስ ገቢዎችን ታሠልጥን፣ ደመወዟ ግን አይቋረጥ። ለባንክ የምታቀርቡት የሥራ ዕቅድ ላይ ይህን ወጪ ከማሽኑ ብድር በፊት አስገቡት።